ሩዋቅ ወይስ ናርጊስ

ጃንዋሪ 3፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር ከልጄ ከረድዋ የድሮ የፋርማሲ ትምህርት ዕቃ መሐል አገኘሁት። የተጻፈባቸውን ገጾች ቀድጄ ጣልኩ። ከመድኃኒት ስም ጎን የራሴን ደስታ መጻፍ አላሰኘኝም። አዎ፣ ደስታ ነው። ባለቤቴ ሐጅ ከምሳ በኋላ እጁን ታጥቦ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ "ኡም ሸሪፍ፣ ከሹብራ ልንወጣ ነው" አለኝ። ከኛ ከሹብራ ሰፈር ርቆ፣ ከካይሮ ወጣ ብሎ በረሃው ላይ የተሠሩ ሁለት የታጠሩ መንደሮች አሉ፣ ሁለቱም የባለጸጋ። አንዱ ሩዋቅ ይባላል፣ አንዱ ናርጊስ። ከሁለት አንዱን መርጠን ከረመዳን በፊት እንገባለን።

እልል በይ እልል በይ አለኝ። ግን ለማን ልበል? ቁልፉ እጅ ሳይገባ ማውራት አይቻልም፣ የሰው ክፉ ዓይን አለ። እኔ ደግሞ ወሬ ካላወራሁ ሆዴ የሚነፋ ሴት ነኝ። ከላያችን ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ዐዋጢፍ የክት ልብሴን ሳወጣ አይታ ወዴት ነው ስትለኝ፣ ጉልበቴን ለሐኪም ላሳይ ነው አልኳት። ማታ ላይ የበግ እግር ሾርባ ይዛልኝ ወረደች። ምን ላድርግ፣ ጠጣሁት። ደግሞ ሲጣፍጥ።

ስለዚህ ደብተሬ፣ ወሬዬ ሁሉ ካንቺ ጋር ነው። አንቺ ዓይን የለሽም።

ትልቁ ልጄ ሸሪፍ ሲሰማ አባቱን ግንባሩን ሳመው። ረድዋ ግን "ኢሃብስ?" አለች። ሐጅ "ኢሃብ ምን?" አላት። "ምንም" አለችና ሳህን ማንሳት ጀመረች። ይቺ ልጅ ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ ትወዳለች። ኢሃብ ሦስተኛዬ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ሲወለድ ሐኪሙ ዳውን ሲንድሮም ነው አለን፤ እኔ የቤታችን በረከት ነው የምለው። ቀን ቀን በዐም ሐምዲ የሸንኮራ ጭማቂ ቤት ብርጭቆ ያደርቃል። በሰፈሩ እሱ እጁን ያልጨበጠው ሰው የለም። ወዴት ይሄዳል? ከኛ ጋር ነዋ።

ጃንዋሪ 6፣ ማክሰኞ

ሩዋቅን አየሁት። እንዴት ብዬ ልጻፈው። በረሃ መሐል ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬ፣ ዳክዬዎቹ እንኳ ድምፅ ያላቸው አይመስልም። የጫማዬ ኳኳታ ራሴን አሳፈረኝ። ቤቱ ነጭ ነው፤ የመታጠቢያው ክፍል ብቻ የሹብራ ሳሎናችንን ያህላል። ሐጅ ገብቶ የቧንቧውን አንገት በጣቱ ቆረቆረ። ፈጋላ ጎዳና ላይ ዕድሜውን ሁሉ ሴራሚክና ቧንቧ ሲሸጥ የኖረ ሰው አይደል፣ ሌላውን ቤት አላየም፣ ቧንቧውን አየ። "ጥሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው።

የመንደሩ ቢሮ ሴት እንደነገረችን ሩዋቅ ገንዘብ ያለው ሁሉ አይገባም። ኮሚቴ አለ። ቤተሰቡን ጠርተው ሻይ ያጠጡታል፣ ያዩታል። "ጎረቤት እንመርጥላችኋለን" አለችን ፈገግ ብላ። ደስ አይልም? እኛ ሹብራ ጎረቤታችንን ማን መረጠልን?

የሸሪፍ እጮኛ፣ ሉጀይን፣ ወላጆቿ እዚያው ናቸው። አባቷ ዶክተር ሸውቂ የልብ ሐኪም ነው። ለዚህ ነው ሸሪፍ ሩዋቅ ሩዋቅ የሚለው። ስንመለስ መኪና ውስጥ እኔ የተኛሁ መስሏቸው ሐጅና ሸሪፍ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ሸሪፍ ስለ ኢሃብ ለእነ ዶክተሩ እስካሁን እንዳልነገራቸው፣ ቀስ ብሎ እንደሚነግራቸው ተናገረ።  ከታጨ ስምንት ወር ሆኖታል። ልጁ አፍሮ ሳይሆን ጊዜውን እየጠበቀ ነው።

ጃንዋሪ 9፣ ዓርብ

ዛሬ ናርጊስ። ኢሃብንም ይዘን ሄድን፣ ዓርብ ጭማቂ ቤቱ ዘግይቶ ነው የሚከፍተው። በሩ ላይ ወርዶ ዘበኞቹን አንድ በአንድ ጨበጣቸው። አንዱ ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱ ላይ አደረገለት። ገንዳው ዳር ቁጭ ካሉት ሴቶች አንዷ፣ የሥጋ ነጋዴ ሚስት ናት፣ ስሙን ጠይቃ፣ "ኢሃቦ፣ ስትገቡ ርግብ በፍሬኪ፣ በእሸት ስንዴ ሞልቼ እጠብቅሃለሁ" አለችው። እዚያም ዕብነ በረዱ፣ ገንዳው፣ ዘንባባው ሁሉ አለ። ያልተሸጠ አንድ ቤት ብቻ ነው የቀረው፣ ጥግ ላይ፣ ሎሚ ዛፍ ያለው።

ሐጅ ግን ፊቱ ጠቆረ። ከፈጋላ ሦስት ነጋዴዎች እዚያ ገዝተዋል። "ቀን ሱቄ ፊት ለፊት፣ ማታ መስኮቴ ፊት ለፊት" አለ። "እነዚህኑ ለማየት ነው ከሹብራ የምወጣው?"

እውነቱን ነው። እኔም ደስ አለኝ እንጂ ናርጊስ ይሻላል አላልኩም። ለሱ የሚሻለውን እሱ ያውቃል። የሎሚው ዛፍ ግን ፍሬው እንዴት ያምር ነበር።

ጃንዋሪ 13፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው ለቅዳሜ ጠራን። ሸሪፍ እያስጠናኝ ነው። ብዙ አላወራም። ሹብራ አልልም፣ "መሐል ከተማ" እላለሁ። ስስቅ አፌን እሸፍናለሁ። ሁለተኛ ሻይ አልጠይቅም። ስለ ጉልበቴ አላወራም (ጉልበቴ ደህና ነው እኮ፣ ረሳው)። አዲሱን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ እለብሳለሁ። ረድዋ በበሩ በኩል ስታልፍ፣ ማን ማን ነው የሚሄደው አለች። ሸሪፍ፣ አራታችን አላት።

ቸኩያለሁ፣ የሙሉኪያ ቅጠል ሾርባዬ ሊገነፍል ነው።

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

ሁሉም ተኝቷል። ቀስ ብዬ ሁሉንም ልጻፍ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ አንዲት ጸጉሯን ያሳጠረች ሴት፣ አንድ ወጣት። ጨዋዎች ናቸው፣ ምንም አልልም። ሐጅ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት የሻይ ማንኪያውን ሲያገላብጥ አንጀቴን በላው። በመላው ፈጋላ ድምፁ የሚሰማ ሰው እዚያ እንደ ተማሪ ተቀምጦ። ሸሪፍ ስለ ሥራው ተናገረ፣ ጥሩ ተናገረ። ረድዋ ስትጠየቅ ብቻ መለሰች።

ከዚያ ሴትየዋ ወደኔ ዞረች። በጣም በፍቅር ነው የጠየቀችኝ። "ሐጃ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?"

"ሁለት" አልኩ። "ሸሪፍና ረድዋ።"

ይኸው ነው። እንዲህ ነው ያልኩት።

ለምን እንዳልኩ ላስረዳሽ። እናቴ ከልጅነታችን ጀምሮ ልጅ በባዕድ ፊት አይቆጠርም ትለን ነበር። ባዕድ ሲጠይቅ አንድ ይቀነሳል፣ ለዓይን ተብሎ። እሷ ሰባት ወልዳ ስድስት ነበር የምትለው። ምላሴ በልማድ ነው የሄደው። ማንም የአገራችን ሴት እንዲህ ታደርጋለች። ሌላ ነገር የለውም።

ሴትየዋ ጻፈች። ረድዋ አየችኝ። ሐጅ ማንኪያውን አስቀመጠ። ማንም አላረመኝም። ላርመው ብዬ አፌን ስከፍት ዳኛው ስለ መኪና ማቆሚያ ጀመረ።

ስንመለስ ሐጅ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ ከባብ ገዛ፣ ለኢሃብ ለብቻው አንድ ሙሉ ኪሎ፣ የሰሊጥ ጠሂና ጨምሮ። ኢሃብ በላና፣ ዛሬ በዓል ነው ወይ አለን።

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ

ለዓይን ነው። ለዓይን ነው ያልኩት።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ተቀበሉን። አልሐምዱሊላህ፣ ሺህ ጊዜ። ሸሪፍ እጄን ሳመኝ፣ "እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያዳንሽን" አለኝ። ሐጅ በዚያው ቀን ቅድሚያ ክፍያውን ከፈለ። በፈጋላ ሠራተኞቹን ሁሉ የኮናፋ ጣፋጭ አብልቷል፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግራቸው። ዶክተር ሸውቂ ራሱ ደውሎ "እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ" አለው። ሐጅ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ቆሞ ነበር፣ ልክ ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስል። ሠላሳ ዓመት የሐኪሞችን መታጠቢያ ቤት ሲያስገጥም ኖሯል፣ በጓሮ በር እየገባ። አሁን ጎረቤታቸው ሊሆን ነው። ይህን ደስታ ከሱ ላይ ማን ይወስዳል?

ረድዋ ካላናገረችኝ ሳምንት ሆናት። ዛሬ ልብስ ሳጥፍ አጠገቤ ቆማ፣ "እኔንም ብትቀንሺኝ እመርጥ ነበር" አለችና ወጣች። እስቲ ይህ ምን ማለት ነው? ራስ ምታት ይዞኛል። ብቻ ደስ ብሎኛል።

ጃንዋሪ 29፣ ሐሙስ

ዛሬ ቆርጬ ተነሳሁ። ሩዋቅ ቢሮ ደውዬ ስህተት ነው፣ ሦስት ናቸው ልላቸው። በሩን ቆለፍኩ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ ደወልኩ። ቅልጥፍ ያለች ልጅ አነሳች፤ እንዴት ነዎት ሐጃ፣ ምን ልታዘዝ። መጋረጃ አልኳት። የሳሎኑ መስኮት ርዝመት ስንት ነው። ከዚያ ስለ መጋረጃ አወራን፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ፀሐዩ፣ አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት አለች፣ ስለ አክስቷም አወራን። ዘጋሁት። አሁን የሩዋቅን የመስኮት ልክ በሙሉ አውቃለሁ።

ከናርጊስም ደውለው ነበር። ቤቱን እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ እናቆይላችኋለን አሉ። ሐጅ አንፈልግም ብሏቸዋል። እኔ ግን ቁጥሩን አልሰረዝኩትም። ዝም ብዬ ነው።

ፌብሩዋሪ 2፣ ሰኞ

ሸሪፍ አንድ ሐሳብ አመጣ። ኢሃብ ሹብራ ቤቱ ይቆይ፣ የምታየው ሴት እንቅጠርለት፣ ዓርብ ዓርብ እንመጣለን። ጭማቂ ቤቱን ይወዳል፣ ሰፈሩን ይወዳል፣ እዚያ ሐይቅ ዳር ብቻውን ምን ያደርጋል። ሲናገር ዓይኔን አላየም፣ ግን በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው። ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩት። እውነትም ጥሩ ነው ስታስቢው። ሐጅም "ለልጁ ይሻለው ይሆናል" አለ። ለልጁ ነው ያለው። ሁላችንም ለልጁ እያልን ነው።

ኢሃብ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ሁለት ሸሚዝ፣ የዐም ሐምዲ ቤት ፎጣ፣ አንድ ትራስ። የኔ ክፍል የትኛው ነው ይለኛል በየቀኑ። ሐይቁ የሚታይበት ነው አልኩት። ለምን እንዲህ አልኩት? ይህን ሁሉ የሚያወራ አፍ ይዤ አንዲት እውነት አትወጣኝም።

ሳሎን መቀመጫው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዐዋጢፍ ሰምታ ወረደች። ጉልበቴ ነው አልኳት።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

ተፈታ። ችግሩ ሁሉ ተፈታ። ምነው ቀድሞ ባሰብነው።

ሸሪፍ ሩዋቅ ያለ ጓደኛውን ጠይቆ ነው። የነዋሪ ካርድ የሚሰጠው ኮሚቴው ላየው ሰው ነው፣ ያ ለኢሃብ አይሆንም፣ ስሙ የለም። ግን እያንዳንዱ ቤት ለቤት ሠራተኞቹ ካርድ ማውጣት ይችላል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። በዚያ ይገባል፣ ከኛ ጋር ያድራል፣ ክፍሉ ውስጥ ይኖራል። ካርዱ ላይ "የአትክልት ረዳት" ብለው ጻፉለት። ታዲያ ምን አለበት? አበባ ይወዳል። ወረቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ነው። የነዋሪው ካርድ ወርቃማ ነው፣ የሱ ሰማያዊ።

ፎቶ ሊነሳ ጸጉሩን በውሃ አበጠርኩለት። ካርዱ ሲመጣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጭማቂ ቤት ሄደ፣ ለሰው ሁሉ አሳየ። ዐም ሐምዲ ካርዱን አንብቦ መለሰለት አሉ። ከዚያ ያለ ገንዘብ ሁለት ብርጭቆ አጠጣው።

ረድዋም አነበበችውና ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጣ አንገቱ ላይ መለሰችው። 

ፌብሩዋሪ 10፣ ማክሰኞ

መጋረጃ ልናስገባ ከኢሃብ ጋር ሄድኩ። ሐጅ ሾፌር ሰጠኝ። በትልቁ በር ላይ ዘበኛው የኔን ካርድ አይቶ ሰላምታ ሰጠ፣ የኢሃብን አይቶ፣ የሠራተኞች በር በጀርባ ነው አለ። ትንሽ ልጅ ነው ብዬ ልለምነው ስል፣ ከኋላችን መኪና ተሰለፈ። ኢሃብ ራሱ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ አውቃለሁ እማ፣ ሰማያዊ ነኝ አለኝ። ሾፌሩም ማነው ብሎ አልጠየቀም። እኔም መኪናው ውስጥ ሆኜ በትልቁ በር ገባሁ። ገባሁ።

ቤት ሆኜ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። በእግሬ ወጣሁ። የሠራተኞች በር ከቆሻሻ መኪኖቹ ማዞሪያ አጠገብ ነው። ሴቶቹ የቤት ሠራተኞች በአንድ በኩል፣ አትክልተኞቹ በአንድ በኩል ተሰልፈዋል። ኢሃብ ፀሐይ ላይ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል፣ ዘበኛው ኪሱን እየፈተሸ። ሲወጡም ሲገቡም ይፈትሿቸዋል፣ ዕቃ እንዳይወጣ። ኪሱ ውስጥ የነበረው አንድ ሎሚ ነው፣ ያኔ ከናርጊስ የለቀመው፣ ደርቋል። ዘበኛው፣ ከየት ወሰድከው ይለዋል። ኢሃብ ይስቃል፣ ጨዋታ መስሎት።

ዘበኛው እኔን ሲያይ ደነገጠ፣ "ሐጃ፣ ሥራዬ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ሥራው ነው። የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት "ከኔ ጋር ነው" ነው። ከኔ ጋር። ሠራተኛዬን እንደማስለቅቅ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ "እማ፣ እዚህ ሰዎቹ እጅ አይጨብጡም" አለኝ። ሁሉንም ሞክሯል ማለት ነው።

መጋረጃውን ሳልሰቅለው ተመለስኩ።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ

ናርጊስ ደወልኩ። ቤቱ አለ፣ እስከ ማክሰኞ ብቻ። ሌላ ፈላጊ መጥቷል።

ሐጅ ከጁምዓ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ያዝኩት። ናርጊስ እንግባ አልኩት። መጀመሪያ መጋረጃው ነው የከፋሽ ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ኢሃብ እጁን አንስቶ ስለ መቆሙ፣ ስለ ሎሚው።  ልጁን አይወድም ማለት አልችልም፤ ትኩሳት ይዞት ሳለ ሦስት ሌሊት ደረቱ ላይ ይዞት ያደረ እሱ ነው። ግን የሸሪፍ ጋብቻ ከረመዳን በኋላ እንደሆነ ተናገረ፣ ቀጥሎም የኮሚቴው ዳኛ አሁን በስሙ እንደሚጠራው።

"አንዴ ኡም ሸሪፍ፣ በሕይወቴ አንዴ ብቻ በፊት በር ልግባ" አለኝ።

"እሱስ?" አልኩት።

"ሁለት ብለሽ የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። እኔ አፌን አልከፈትኩም።"

ጫማውን አወለቀ። ምሳ አቀረብኩለት፣ በላ። ምን እላለሁ? ያለው ነገር ሐሰት የለበትም። ስለ ዓይን የጻፍኩትን ተመልሼ አነበብኩት። እናቴ ሰባት ወልዳ ስድስት ስትል የምትቀንሰው አንድ ልጅ አልነበረም፣ ቁጥር ነበር። እኔ የሁለቱን ስም ጠርቼ ነው ኢሃብን የቀነስኩት።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ፣ ሹብራ

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል። ቤቱ ባዶ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ዛሬ ሩዋቅ ገብቷል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት በሦስት መኪና ሄድን። ዶክተር ሸውቂና ሉጀይን ሊቀበሉን ትልቁ በር ድረስ መጥተው ነበር፣ አበባ ይዘው። ያ አላህ፣ እንዴት የሚያምር አበባ። ዘበኛው ካርዶቻችንን አንድ በአንድ አየ፣ ወርቃማ፣ ወርቃማ፣ ወርቃማ፣ ወርቃማ፣ ከዚያ ሰማያዊ። በጀርባ በር አለ። ኢሃብ ሻንጣውን ይዞ መውረድ ጀመረ። እኔም ወረድኩ። አላሰብኩትም፣ እግሬ ነው የወረደው። የሻንጣውን አንድ ጎን ያዝኩ።

ሸሪፍ በመስኮት፣ እማዬ ወዴት ነው፣ ግቢ እንጂ አለኝ፣ ድምፁን ቀንሶ። ዶክተሩ አየን። ጨዋ ሰው ነው፣ ክፋት የለውም፣ ወደ ሐጅ ጠጋ ብሎ "ይህ ወጣት የማን ልጅ ነው?" አለ።

ሐጅ እኔን አየኝ። ኢሃብን አየው። ኢሃብ ፈገግ ብሎለታል፣ አባቱ ስሙን ሊናገር ነው ብሎ።

"የሰፈር ልጅ ነው" አለ ሐጅ። "ቤቱን ይረዳናል።"

ዘበኛውም ሰማ። ሁሉም ሰማ። ልጮህ አልቻልኩም፣ ልቆጣ አልቻልኩም፤ ያ ቃል የሄደው እኔው በከፈትኩት መንገድ ነው። ግን ድምፄ መጣልኝ። ለዶክተሩ ሦስት ልጆች እንዳሉኝ ነገርኩት፣ ይህ ታናሹ ኢሃብ ነው አልኩት፣ አባቱ ይኸው ፊትህ የቆመው ሐጅ ፈትሂ ነው። ብዙ አላወራሁም። ሸሪፍ ብዙ አታውሪ ብሎ እንዳስጠናኝ ነው፣ እንዲህ አጭር ተናግሬ አላውቅም። ወርቃማውን ካርድ ዘበኛው እጅ ላይ አድርጌ፣ ኢሃብን ይዤ ሠራተኞቹ በሚሳፈሩበት ሚኒባስ ተመለስኩ። ረድዋ መሐል መንገድ ላይ በታክሲ ደርሳብን ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ወርቃማ ካርዷን አላየሁባትም፣ አልጠየቅኳትም።

ናርጊስ ደወልኩ። ጠዋት ተሽጧል። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠብቀናችሁ ነበር አሉኝ።

ሸሪፍ ስልኬን አያነሳም። ሉጀይን ቀለበቷን እንደመለሰች ወይም እንዳልመለሰች አላውቅም። አንድ ልጄን ይዤ አንዱን ጣልኩ ወይ? ያ አላህ፣ እናት ሁለቱንም የምትይዝበት በር የለም ወይ።

ኢሃብ እኔ ስጽፍ አጠገቤ ጋደም ብሏል። አልተኛም። ቅድም፣ "እማ፣ አባዬ የማን አባት ነው?" አለኝ። የሸሪፍ፣ የረድዋ፣ የኢሃብ አልኩት። ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። አባዬ ግን ለምን አላወቀኝም አለ። አውቆሃል፣ ፈርቶ ነው፣ እኔም ቀድሜ ፈርቼ ነበር አልኩት። ያ መልስ አልበቃውም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሐጅ አሁን መልእክት ላከ። ሩዋቅ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፤ መኪናውን አስነስቶ ይምጣ ወይስ እኛ እንመለስ ብሎ ይጠይቃል። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ መጀመሪያ ዶክተሩ ቤት ሂድና በሩን አንኳኳ፣ ስንት ልጆች እንዳሉህ በራስህ አፍ ንገረው፤ ከዚያ ና።

አንብቦታል። እስካሁን መልስ የለም።